እግሩን ትተን አፉን እንይ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የጓሮ አትክልት ሰዓታችን ነው። ዛሬ ብዙ ሳልዞር በቀጥታ ከቤቴ ጀርባ ወዳለው ቲማቲም ልውሰዳችሁ።

ጊዜው ነሐሴ አጋማሽ ነው። የቨርጂኒያ ሙቀት ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ሸሚዝ ያስወልቃል። ስድስት እግር ቲማቲም አለኝ፤ በሰኔ ያየ ሰው ሁሉ ያደነቃቸው። ደህና የቀላውን አንዱን ቀጥፌ፣ እዚያው ከቧንቧው አጥቤ ገመጥኩት። ከቆዳው ሥር ነጭ ነገር አለ፤ እንደ ቡሽ ደረቅ ያለ፣ ጣዕም የሚባል ያልፈጠረበት። ቆዳው ላይ ደግሞ በመርፌ ጫፍ የተጠቀጠቀ ይመስል ቢጫ ቢጫ ነጠብጣብ። ቀዳዳ ግን የለም። ቅጠሉም አልተበላም።

ጎንበስ ብዬ ስፈልግ አገኘሁት። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ ቡናማ፣ ጀርባው ላይ በጠመኔ አግድም ያሰመሩበት የሚመስል። ጣቴን ሳስጠጋ አልበረረም፤ ግንዱን ዞሮ ማዶ ተደበቀ። እኔ ወደዚያ ስዞር እሱ ወደዚህ። ድብብቆሽ! በመጨረሻ በብርጭቆ ከድኜ ያዝኩትና የኋላ እግሩን አየሁት። ከጉልበቱ በታች ያለው ክፍል ጠፍጣፋና ሰፊ ነው፤ ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ልክ የደረቀ ቅጠል የለጠፉበት።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ጎመናቸውን ሲቀነጥሱ ነበር።

«ምን አገኘህ ልጄ?»

«እኔ እንጃ እማማ። ጢንዚዛ ነገር ነው።»

መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ብርጭቆውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ከዚያ አሸተቱ። «የምን ጢንዚዛ! ይኼ ትኋን ነው። ሽታውን አታውቀውም? ቤት እንዳታስገባው ብቻ!»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ትኋን የአልጋ ነው፤ ቲማቲም ላይ ምን ይሠራል? ማታ ግን መጽሐፍ ሳገላብጥ ሳቄ ወደ ራሴ ዞረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የስዊድኑ የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1767 ይህንኑ ነፍሳት ሲመዘግብ ያወጣለት ስም «ሲሜክስ ፊሎፐስ» ነው። ሲሜክስ በላቲን ትኋን ማለት ነው፤ ዛሬም የአልጋ ትኋን ሳይንሳዊ ስም ከዚያው ይጀምራል። ፊሎፐስ ደግሞ ከግሪክ ነው፤ ቅጠል እግር። ሊኒየስ የሰጠው ስም ቃል በቃል «ቅጠል እግር ትኋን» ማለት ነው። ጎመን የሚቀነጥሱት እማማና የዓለም ሊቅ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እኔ መሐል ቆሜ ጢንዚዛ እላለሁ።

ሊኒየስ በዚያ ዘመን አፉ ሹል፣ ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነውን ሁሉ ሲሜክስ እያለ አንድ ከረጢት ውስጥ ይከት ነበር። የኋላዎቹ ከረጢቱን ፈተው ቤተሰብ ቤተሰቡን ለዩ። እንግሊዛዊው ዊልያም ኤልፎርድ ሊች በ1815 የእኛን እንግዳ ቤተሰብ ኮሬይዴ ብሎ ሰየመው። ስሙ ኮሪስ ከሚለው የግሪክ ቃል ይወርዳል። ኮሪስ ምንድን ነው? ትኋን! ከትኋን ቤት አውጥተው መልሰው ትኋን ቤት አስገቡት። ዛሬ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ ሞቃት አገር የሚኖሩ፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል ዕፅ በል።

ዝምድናውም የስም ብቻ አይደለም። የአልጋው ትኋንና የቲማቲሙ እንግዳ የአንድ ትልቅ ጎሣ ልጆች ናቸው። አንዱ የሰው ደም ይመጥጣል፣ ሌላው የተክል ጭማቂ፤ መሣሪያው አንድ ነው፣ ከራስ በታች ወደ ደረት የሚታጠፍ እንደ መርፌ የቀጠነ አፍ። በጎሣው ውስጥ ክንፍ ያላቸው ደግሞ የፊት ክንፋቸው ግማሹ እንደ ቆዳ ወፍራም፣ ግማሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። ሲያጣጥፉት ስሱ ጫፍ በስሱ ላይ ይደራረብና ጀርባቸው ላይ የኤክስ ፊደል የመሰለ መስመር ይሠራል። የጢንዚዛን ጀርባ ደግሞ አስታውሱት፦ ሁለት ጠንካራ ክዳን፣ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ አንድ መስመር። አንድ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን ካያችሁ ዳግመኛ አትሳሳቱም።

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያጥረዋል። ሁሉንም የሚሰበስበው «ሦስት አጽቄ» አለ፤ እሱ ከትምህርት ቤት ደብተር ብዙም አልወጣም። «ተባይ» አለ፤ እሱም ጥፋቱን እንጂ ማንነቱን አይነግረንም። ትኋን የምንለው የአልጋውን አንዱን ብቻ ነው። ለቀረው ጎሣ የጋራ መጠሪያ ስለሌለን፣ እንደ እኔ ያለው ያገኘውን ሁሉ ጢንዚዛ ይላል። የስም ስሕተት ደግሞ የመድኃኒት ስሕተት ያመጣል። ጢንዚዛ ያኝካል፤ የበላው ቅጠል ላይ ቀዳዳውን ታያላችሁ፣ ቅጠሉ ላይ የተረጨ መርዝም አብሮ ወደ ሆዱ ይገባል። የእኛው እንግዳ ግን ላዩን አይነካም፤ ምሳው ከቆዳው ሥር ነው።

አበላሉን ትንሽ ልዘርዝረው፤ ከሁሉም እኔን የገረመኝ እሱ ነው። ምላሱ ሲገባ ቧንቧ እንደሚሰካ ሰው ዝም ብሎ አይስብም። በ1994 ማይልስና ቴይለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ውስጥ ጥሩ አድርገው አብራርተውታል። ነፍሳቱ መጀመሪያ ምራቁን ይተፋል። ምራቁ ውስጥ ስኳር የሚሰብር ኢንዛይም አለ፤ በተክሉ ሕዋሳት መካከል ያለውን አንዱን የስኳር ቅንጣት ሁለት ያደርገዋል። ይኼ ምን ያመጣል? ለሰላጣ በከተፋችሁት ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሳችሁ ጥቂት ብትቆዩ ሳህኑ ውሃ አዝሎ ታገኙታላችሁ አይደል? ጨው ውሃውን ከውስጥ ጎትቶ አወጣው። እዚህም እንደዚያው ነው፤ ከውጭ ያለው የስኳር ቅንጣት ሲበዛ ሕዋሳቱ ውሃቸውንና ሲሳያቸውን ወደ ውጭ ያፈስሳሉ። እሱ የፈሰሰለትን ይጠጣል። ጨው አይነሰንስም እንጂ የገዛ ስኳራችንን ጨው ያደርግብናል።

ለዚህ ነው አንድ ብቻውን ሆኖ አንድ ሙሉ ቀንበጥ የሚያጠወልገው። አውስትራሊያውያን ያዩት ይህን ነውና ከእግሩ ጋር ብዙም አልተጨነቁም፤ «ጫፍ አጠውላጊ» አሉት። እነሱ ዘንድ አንደኛው ዝርያ ጀርባው ላይ ቢጫ መስቀል አለው፤ የመስቀል ጦረኛ ብለውታል። የላቲን ስሙ ግን «ፕሮፋና» ነው፤ ያልተቀደሰ ማለት። መስቀል ተሸክሞ ያልተቀደሰ ከተባለ፣ ስም አውጪው የሆነ ነገር ታዝቧል!

ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካችንም የዚሁ ቤተሰብ አባል ሞልቷል። አኖፕሎክኔሚስ ኩርቪፐስ የሚሉት አለ፤ ጠቆር ያለ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም። ቦሎቄንና የርግብ አተርን የመሰሉ ጥራጥሬዎች ለጋ ቀንበጥ ላይ ተቀምጦ ሲመጠምጥ ይውልና በማግሥቱ ጫፉ አንገቱን ደፍቶ ይገኛል። እዚህ ግን አስተውሉ፦ እግሩ ላይ ቅጠል የለም። ወንዱ ያለው እንደ ትግል ተጫዋች የወፈረ፣ እሾህ ያለበት የኋላ ጭን ነው። እንግሊዝኛውን ተከትለን ቤተሰቡን በሙሉ ቅጠል እግር ብንለው፣ አገር ቤት ማሳው ላይ የቆመ ገበሬ ቅጠሉን ፈልጎ ያጣዋል። አማርኛ ስም አውጣለት ብባል እኔ «ቀንበጥ አጠውላጊ» ነበር የምለው። ስሙን የሰማ ሰው የት እንደሚፈልገው ያውቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

እግሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ መጠየቃችሁ አይቀርም። ወፍራሙ ጭን ለጠብ ነው። ወንዶቹ ጥሩ ቀንበጥ ወይም ፍሬ ይዘው ሴቶች ይጠብቃሉ፤ ሌላ ወንድ ሲመጣ ጀርባ ለጀርባ ይዞሩና በኋላ እግራቸው ይተናነቃሉ። ቅጠሉ ግን ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር። ፓናማ ውስጥ የሚኖር አንድ ዝርያ አለ፤ እግሩ ላይ ያለው ቅጠል ቀይና ቢጫ ሆኖ እንደ ባንዲራ የተንዠረገገ። በሬ በቀይ ጨርቅ ከሚያታልሉት የስፔን ተጫዋቾች ጋር አመሳስለው ማታዶር ይሉታል። ባንዲራውን ያውለበልባል። ለሴት ነው ተብሎ ይገመት ነበር። ተመራማሪዎች ሲፈትሹት ግን የፊት እግሮቿን እንደ ጸሎተኛ አጣጥፋ የምታደባዋ አዳኝ ስትቀርብ ነው ይበልጥ የሚያውለበልበው። ለጠላት እንጂ ለወዳጅ አልነበረም።

ሌላም አለ። በሜክሲኮና በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ እኛ በለስ በምንለው ቁልቋል ላይ የሚኖር አንድ ቅጠል እግር አለ። አዳኝ እግሩን ከያዘው ራሱ እግሩን ቆርጦ ጥሎ ያመልጣል። ተመልሶም አይበቅልለትም። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ገና ሳያድግ የኋላ እግሩን የጣለ ወንድ ሲያድግ የዘር ፍሬው ከሌሎቹ ይተልቃል። መዋጊያውን ስላጣ ሀብቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረው። በሬ ያጣ ገበሬ ዶማ እንደሚያነሳው ማለት ነው።

ወደ ጓሯችን እንመለስ። ዱባና ዝኩኒ የተከላችሁ አድማጮቼ ምናልባት የበለጠ የምታውቁት የአጎቱን ልጅ ነው። አናሳ ትሪስቲስ ይባላል፤ ትሪስቲስ ሐዘንተኛ ማለት ነው፤ መልኩም እንደ ስሙ ነው፣ አመድማ ቡናማ። እግሩ ላይ ቅጠል የለውም። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጅማቶቹ የቪ ቅርጽ በሚሠሩበት ጥግ ላይ እዩ፤ የነሐስ ቀለም ያለው ብሩህ እንቁላል ተኮልኩሎ ታገኛላችሁ። በጥፍራችሁ ፈግፍጉት ወይም በማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፋችሁ አንሱት። ይህን ቸል ያለ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ሙሉ የዱባ ሐረግ ውሃ እንደጠማው ተዘርሮ ያገኘዋል፤ ቢያጠጣውም አይነሳለትም። ከመምጠጡ በላይ ደግሞ ሐረጉን ቢጫ አድርጎ የሚገድል ባክቴሪያ ያስተላልፋል። ማታ ሐረጉ ሥር ጣውላ አንጥፉ፤ ሌሊቱን ከሥሩ ይሰበሰባሉ፣ ጠዋት ገልብጣችሁ መጨረስ ነው።

የቲማቲሙ እንግዳ እንቁላል ሌላ ነው። በግንዱ ወይም በቅጠሉ መሐል ጅማት ላይ እንደ ዶቃ ክር በአንድ መስመር ይደረደራል። ግልገሎቹ ብርቱካናማ ናቸው፣ እግራቸው ጥቁር፣ ተሰብስበው አንድ ፍሬ ላይ ይሰፍራሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ! ሌሎች ተባዮችን እያደነ የሚበላ፣ ግልገሉ ብርቱካናማ የሆነ ወዳጅ ነፍሳትም አለ። መለያው እንዲህ ነው፦ ወዳጁ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይዞራል፤ በጉባኤ ተቀምጠው ካገኛችኋቸው ጠላት ናቸው። ማልደው ገና ብርዱ ሳይለቃቸው ስለሚፈዝዙ፣ የሳሙና ውሃ ያለበት ባልዲ ከሥር ይዛችሁ ቅርንጫፉን ማራገፍ ይበቃል። ጓንት አድርጉ፤ ሽታው ከእጅ ቶሎ አይለቅም። መርዝ ለመርጨት አትቸኩሉ፤ የዱባ አበባችሁን ፍሬ የሚያስይዘው ንብ ነው፣ መርዙ ደግሞ ንብና ትኋን አይለይም። እነዚህ ነፍሳት ላይ እንቁላሏን የምትጥል፣ የኋላ እግሯ ላይ ላባ የመሰለ ጠጉር ያላት ዝንብም አለችላችሁ። የእሷ ትል ከውስጥ ይጨርሳቸዋል።

አውሮፓ ሆናችሁ የምትሰሙን ደግሞ «እኛ ጓሮ የለንም» እንዳትሉ። በመስከረምና በጥቅምት መስኮታችሁ ላይ የሚለጠፈው ቡናማ እንግዳ የዚሁ ቤተሰብ ነው። የጥድ ፍሬ የሚመጥጥ ነው፤ በ1910 ምዕራብ አሜሪካ ውስጥ ሲመዘገብ የዚያ አካባቢ ብቻ ነበር። በ1999 ጣሊያን ላይ ታየ። ከዚያ አውሮፓን አዳረሰ፤ ጣሊያን ውስጥ የጥድ ለውዝ የሚለቅሙ ሰዎች ምርታቸው በእሱ ተጎድቷል። ጥዱ ላይ ፍሬውን የሚያገኘው በሙቀት ነው ተብሏል፤ የጥድ ፍሬ ከመርፌ ቅጠሉ ይልቅ ስለሚሞቅ፣ ሆዱ ሥር ባሉት የሙቀት ስሜት ሕዋሳት ከሩቅ ይለየዋል። ካናዳ ውስጥ ክረምቱን ለማሳለፍ ቤት ገብቶ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ በምላሱ ወግቶ ያፈሰሰበት ጊዜም ተመዝግቧል። ሰው ግን አይበላም፣ ቤት ውስጥም አይራባም። በወረቀት አንስታችሁ በመስኮት ማውጣት ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ብዙ ሰው ይህን ነፍሳት ቻጋስ የሚባለውን በሽታ ከሚያስተላልፈው ደም መጣጭ ጋር አምታቶ ይደነግጣል። ሁለቱም የአንድ ጎሣ ናቸውና መምታታቱ አያስገርምም። ደም መጣጩ እግሩ ቀጭን ነው፣ ቅጠል የለውም፤ የሆዱ ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ በቀይ ወይም በብርቱካናማ መስመሮች የተዥጎረጎረ ነው። ከተጠራጠራችሁ በባዶ እጅ አትንኩት፤ በጠርሙስ ክደኑትና በየካውንቲው ላለው የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ አሳዩት።

ሊኒየስ የቲማቲሙን እንግዳ እግር አይቶ ስም አወጣለት ብያችኋለሁ። በ1831 ፈረንሳዊው ጌሪን ሜንቪል ከሲሜክስ ከረጢት አውጥቶ አዲስ የወገን ስም ሰጠው፦ ሌፕቶግሎሰስ። ቀጭን ምላስ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ሙሉ ስሙ ሲጠራ ምላሱ ከፊት፣ እግሩ ከኋላ ነው። እኔም ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እማማ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ይህን ሁሉ ታሪክ ነግሬያቸው ነበርና ትኋን የሚለውን ትተው የራሳቸውን ስም አውጥተውለታል።

«ና እስቲ ልጄ፣ ያ መጣጭ እኔም ቃሪያ ላይ መጣልህ! ያዝኩት።»

ባልዲዬን ይዤ ሮጥኩ። መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ዘረጉ። መሐሉ ላይ አንዲት ጠፍጣፋ፣ ጠርዟ የተቦጫጨቀ፣ ቅጠል የመሰለች እግር ብቻዋን ተኝታለች።

«ምነው እማማ፣ የቀረውስ?»

ወደ ቃሪያው በአገጫቸው አመለከቱኝ። ከቅጠሉ ሥር፣ በአምስት እግሩ ቆሞ፣ ምላሱን ሰክቷል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)